የሚጠብቅ ሾፌር ደመወዝ ማን ይክፈል?

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጊዜ ዋጋ እንዳለው ያውቃል። መርከብ ከተወሰነላት ቀን አልፋ በወደብ ብትቆም ኪራይ ይቆጠርባታል፤ ባዶ ኮንቴይነር በቀጠሮው ካልተመለሰ ባለመርከቡ በቀን እየቆጠረ ያስከፍላል፤ ዕቃ በወደብ መጋዘን ቢያድር የመጋዘን ኪራይ ይጠየቅበታል፤ ከባንክ የተበደርነውም ገንዘብ እኛ ተኝተን ሳለን ወለዱ አይተኛም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ የጊዜ ሒሳብ ውስጥ ጊዜው ያለ ዋጋ የሚቀርበት አንድ ሰው አለ። እርሱም ዕቃችንን ጭኖ በመጋዘናችን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሾፌር ነው፤ ከሾፌሮችም ሁሉ ይልቅ ካሚዮን መንዳት ከጀመረ ገና አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነው አዲስ ሾፌር ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። አዲሱን ሾፌር የሚጎዳው የደመወዙ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሳይነዳ የሚጠብቅባቸው ቀኖች ሳይከፈሉት መቅረታቸውም ነው። ከእነዚህ ቀኖች ብዙዎቹን የምናበዛው እኛ የዕቃው ባለቤቶች ስለሆንን፣ ወጪውን ልንሸከም የሚገባን እኛው ነን፤ ብንሸከመውም አንከስርበትም።

የአገራችን የውጭ ንግድ በየት በኩል እንደሚመላለስ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ሆኖም ለነገሩ መሠረት እንዲሆነን በጥቂቱ እናንሣው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ዕቃ በአሰብ ይገባና ይወጣ ነበር። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ሸክሙ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬም ከገቢና ከወጪ ዕቃችን ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው በዚያው ወደብ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርሰው የካሚዮን መንገድ 910 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከፊሉን ጭነት ያነሣል፤ ነገር ግን የሚበዛውን አሁንም የሚያመላልሰው ካሚዮን ነው፤ በባቡር የመጣውም ዕቃ ከጣቢያ እስከ መጋዘን የሚደርሰው በካሚዮን ነው። ስለዚህ በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ካለው የውጭ አገር ዕቃ የሾፌር እጅ ያልነካው የለም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሾፌር ከወዴት የመጣ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ትናንት ረዳት የነበረ ጎልማሳ ሆኖ እናገኘዋለን። ሸራ ሲያስርና ሲፈታ፣ ጎማ ሲያወርድና ሲያነሣ፣ በዳገት ላይ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር ሲሮጥ ዓመታት አሳልፏል። ኋላም ገንዘብ አጠራቅሞ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ትምህርት ቤት ይገባና መንጃ ፈቃድ ያወጣል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በየዓይነቱና በየደረጃው ለይቶ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ፈቃድ በእጅ መያዝና ተሳቢ ያለበትን ካሚዮን ሙሉ ጭነት አስይዞ ቁልቁለት ማውረድ አንድ ነገር አይደሉም። ይህንን የሚያስተምረው መንገድና የቀደመ ባልንጀራ ብቻ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደኅናውን ካሚዮን ነባሩ ሾፌር ይይዘዋል። አዲሱ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ፍሬኑ የደከመ፣ ጎማው ያለቀ፣ ካቢናው ውስጥ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ከአፋር በረሃ ፀሐይ ጋራ የሚተባበርበት አሮጌ መኪና ነው። በሎጊያና በሚሌ አካባቢ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት በዚያ ካቢና ውስጥ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት በልዩ ልዩ መንገዶች ሾፌሮች የታገቱበትና የተገደሉበት ጊዜ መኖሩ ሲታሰብ፣ ወጣቱ የሚቀበለው ሥራ ቀላል አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

አከፋፈሉ ከባለንብረት ባለንብረት ይለያያል። አንዳንዱ አነስተኛ የወር ደመወዝ ቆርጦ በየጉዞው አበል ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር ሳይኖር በቢያጆ ብቻ፣ ማለት በተፈጸመ ጉዞ ልክ ይከፍላል። ከአበሉ ላይ ምግብና መኝታ ይወጣል፤ ጎሚስታ የሚጠይቀውም፣ በየመንገዱ ኮቴ እየተባለ የሚሰበሰበውም አንዳንድ ጊዜ ከዚያው ይወጣል። በመጨረሻም ዕቃው ተራግፎ ሲቆጠር ጥቂት ከረጢት ቢጎድል፣ ጉድለቱ በወደብ ይሁን በመንገድ ወይም በራሱ በቆጠራው ሳይጣራ በሾፌሩ ላይ ይጻፋል። ነባር ሾፌር ደንበኛና ወዳጅ ስላለው ይከራከራል፤ ካልተመቸውም ባለንብረት ይለውጣል። አዲሱ ሾፌር ግን መኪናውን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቢያጆ የሚከፈል ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው። ጎማውን የሚያቆመው ነገር ግን ብዙ ነው። በወደብ ወረፋ አለ፤ በድንበር የሰነድ ምርመራ አለ፤ ዲክላራሲዮኑ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ከተገኘ ትራንዚተሩ እስኪያስተካክል መቆም ነው፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ ማራገፊያ እስኪገኝ መጠበቅ አለ፤ አዲስ አበባ ሲደርስም ከባድ መኪና በቀን ወደ ከተማ እንዳይገባ በመከልከሉ ከከተማው ዳር እስኪመሽ ድረስ መዋል አለ። ይህን ሁሉ አልፎ መጋዘናችን በር ሲደርስ ደግሞ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ ወይም ከጫኝና አውራጆች ጋራ በዋጋ አልተስማማንም፣ ወይም የቀደመው ዕቃ ገና ስላልተሸጠ ቦታ የለንም።

ነገሩ እንዲገለጥ ሒሳቡን እናስላው። የተጫነ ካሚዮን ዳገቱም ቁልቁለቱም ተደምሮ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 910 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 23 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሾፌሩ በቀን 9 ሰዓት ቢነዳ መሄጃው ሁለት ቀን ተኩል፣ ደርሶ መልሱ አምስት ቀን ይሆናል። በወደብ፣ በጉምሩክና በመጋዘን በር ተደምሮ የሚጠብቀው ሌላ አምስት ቀን ነው ብንል፣ አንዱ ምልልስ አሥር ቀን ፈጀ ማለት ነው። እንግዲህ በ30 ቀን ውስጥ የሚፈጽመው ሦስት ምልልስ ነው፤ ይህም አንዲት ቀን ሳያርፍ፣ መኪናው አንዲት ቀን ሳይበላሽበት ነው። ነገር ግን ቤተሰቡን የሚያኖርበት ገቢ የሚሞላው በአራት ምልልስ ከሆነ፣ አራተኛውን ከወዴት ያመጣዋል? የወደቡን ወረፋ ማሳጠር አይችልም፤ የጉምሩኩን ምርመራ ማፋጠን አይችልም፤ የእኛንም መጋዘን መክፈት አይችልም። ሊያሳጥር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እንቅልፉ ነው።

በሌሊት የምናያቸው ጥድፊያዎች ምንጫቸው ይህ ነው። ጫት እያኘከ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረን ወጣት ሥነ ሥርዓት የጎደለው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ግን፣ ያን ሌሊት የሸጥንለት እኛ መሆናችንን ማሰብ ይገባናል።

ይህንን ስጽፍ ሌላውን ብቻ ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም በዚህ በደል ውስጥ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወለል ሴራሚክ አስመጥቼ ካሚዮኑ ሐሙስ ማታ በመጋዘኔ በር ደረሰ። ዓርብ ዕለት ከአውራጆቹ ጋራ በዋጋ ሳንስማማ ዋልን፤ ቅዳሜ መጋዘን ጠባቂዬ ለቅሶ ሄደ፤ እሑድ እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሾፌሩ፣ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ ልጅ፣ ከመኪናው ጎን በጀሪካን ውሃ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት። ለብቻው ካሚዮን ይዞ ሲወጣ ሦስተኛው ቢያጆው ነበር።

«ጋሼ፣ ከምሳ በፊት ካወረዳችሁልኝ ለነገው ጭነት እደርሳለሁ፤ ካልደረስሁ ግን ወረፋዬ ያልፋል» አለኝ።

እኔም የንግድ ሰው ነኝና፣ «አይዞህ፣ ኪራዩ እንደሆነ ተከፍሏል» አልሁት።

«ኪራዩ ለመኪናው ነው፣ ጋሼ» አለ፤ ከዚህም በላይ ምንም አልጨመረም።

ዕቃው ሲወርድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ኋላ ከባለንብረቱ እንደሰማሁት፣ ልጁ ያንኑ ቀን ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ለጭነቱ ደርሷል። ምንም አደጋ አልደረሰበትም። ይህንንም የምነግራችሁ አደጋ ባለመድረሱ ነው፤ አደጋ ባለመድረሱ እኔም ባለንብረቱም ነገሩን ሳናስበው ቀርተናልና። በዚያው ሳምንት የባዶ ኮንቴይነር መመለሻ ቀን እንዳያልፍብኝ ሦስት ጊዜ ስልክ መደወሌን አስታውሳለሁ። ለብረቱ ሣጥን የደወልሁትን ያህል ለልጁ አንድ ጊዜ አልደወልሁለትም፤ ሣጥኑ ቢዘገይ የሚያስከፍለኝ ሰው ነበረ፤ ልጁ ቢዘገይ ግን የሚያስከፍለኝ አልነበረም።

አንዳንድ ሰው፣ «ይህ የባለካሚዮንና የሾፌሩ ጉዳይ ነው፤ እኛን ነጋዴዎችን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። የሚያገባን ኪሳችንን ስለሚነካ ነው። ሌሊቱን ያልተኛ ሾፌር ሲገለብጥ የሚሰበረው የእኛ ዕቃ ነው። ኢንሹራንስ ቢኖረንም ካሣው እስኪገኝ ድረስ ገበያው አይጠብቀንም። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ወይም ሰሊጥ ሸራው በችኮላ ታስሮ ዝናብ ቢገባው፣ የሚነሣው ቅሬታ በላኪው ስም እንጂ በሾፌሩ ስም አይመጣም። ደመወዙ የማያኖረው ሰው ከሌላ ቦታ መፈለጉም አይቀርም፤ ከነዳጅ ጋኑ ጥቂት ይቀዳል፣ ወይም ከጭነቱ ሥር የሰው አደራ የተባለ ኮንትሮባንድ ይሸጉጣል፤ በኬላ ሲያዝም መኪናው ከነዕቃችን ይታገዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይህን ኑሮ የተማረሩ ነባር ሾፌሮች ዕድል ባገኙ ቁጥር ሥራውን እየተዉ በከተማ ሌላ መተዳደሪያ ይይዛሉ፤ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ያን ጊዜ መሪውን የሚይዘው እንደገና አዲስ ሰው ነው፤ እርሱም ሥራውን የሚለማመደው በእኛ ዕቃ ላይ ነው። በኩንታል ጥቂት ብር ያተረፍን መስሎን ርካሹን ኪራይ ስንመርጥ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት እንመስላለን።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይታሰባል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት የሠራተኛው መብት ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ድንጋጌ ነው። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም በእርሱ ጉድለት ባልሆነ በሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር፣ ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። እንግዲህ በመጋዘን በር ላይ ተሰልፎ ከሚጠብቅ ሾፌር ይልቅ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ሰው ማን ነው? ስለ ጉድለት ቅናሽም ቢሆን፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ ላይ መቁረጥ አይቻልም፤ የሚቆረጠውም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ አዋጁ ይከለክላል። የጡረታውም መዋጮ፣ ማለት ከአሠሪው በመቶ 11 ከሠራተኛው በመቶ 7፣ ሾፌሩን በቃል ብቻ የቀጠረውን ባለንብረት አይምረውም።

የሌላው ዓለም ልምድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ መንገድ ማመላለሻ ባወጣው ስምምነት ቁጥር 153፣ ያለ ዕረፍት መንዳት ከ4 ሰዓት፣ በቀን መንዳት ከ9 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የቀኑም ዕረፍት ከ10 ሰዓት እንዳያንስ በመሠረቱ ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ያስገድዳል። በአሜሪካ ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ በካሚዮን ሥራ ይተዳደራሉ። በዚያ አገር ሾፌር ያለ ማቋረጥ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት እንዲነዳ ይፈቀድለታል፤ ይህም ሥራ ከጀመረበት በሚቆጠር በ14 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ክፍያው ግን በብዙ ቦታ በተነዳው ማይል ልክ ስለሆነ፣ በመጋዘን በር የሚጠፋው ሰዓት በዚያም አገር የሾፌሮች ዋና ቅሬታ ነው። ከዚህ የምንማረው የመንጃ ሰዓት መወሰን ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ የመጠበቂያውም ሰዓት ዋጋ ሊቆረጥለት ይገባል።

በዚህ ላይ ባለካሚዮኖች የሚያነሡትን ክርክር በቅንነት መስማት ያሻል። ካሚዮኑ በባንክ ብድር የተገዛ ነው፤ ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ በመነሣቱ የናፍጣ ወጪ ጨምሯል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ከብዷል። አንድ ካሚዮን ብቻ ያለው ባለንብረት፣ «እኔ ራሴ ሳልተርፍ ለሾፌሩ የቆመበትን ከወዴት ልክፈል?» ቢል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህ ክርክር የእኛን አሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መኪናውን ያቆመው ባለንብረቱ ካልሆነ፣ ወጪውም ከእርሱ መጠየቅ የለበትም፤ ያቆመው ሰው ይክፈል ነው የምንለው። አቁሞ ማቆየት የሚያስከፍለን ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በዚያ ዓርብ ቀን ከአውራጆቹ ጋራ ስከራከር አልውልም ነበር።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ሾፌር የቆመበት ከተከፈለው በየመንገዱ ይተኛል» የሚል ነው። ይህ ምናልባት በቀድሞ ዘመን ያስፈራ ይሆናል። ዛሬ ግን ብዙ ካሚዮኖች ያሉበትን ቦታ በሰዓቱ የሚያሳይ ጂ.ፒ.ኤስ. የተገጠመላቸው ስለሆነ፣ በመጋዘን በር የቆመውንና በሻይ ቤት በር የቆመውን ለይቶ ማወቅ አያዳግትም። የምንከፍለው ደግሞ እኛው ፈርመን ለተቀበልነው የመጠበቂያ ጊዜ ብቻ ነው።

ወጪውስ ምን ያህል ይሆናል? ለአብነት ያህል፣ 400 ኩንታል የጫነ ካሚዮን በመጋዘናችን በር ሁለት ቀን ቢቆም፣ ለሾፌሩ በቀን 1,000 ብር ብንቆርጥለት ጠቅላላው 2,000 ብር ነው። ይህ በኩንታል ሲካፈል 5 ብር፣ በኪሎ ሲካፈል 5 ሳንቲም ይሆናል። በኪሎ 5 ሳንቲም የሚያዘጋው ሱቅ የለም፤ በቶሎ ላራገፈ ነጋዴ ደግሞ ይህችም ወጪ አትደርስበትም።

ስለዚህ አስመጪዎች፣ ላኪዎች፣ ባለሱቆችና ባለካሚዮኖች በየበኩላችን እንድናስብበት የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማጓጓዣ ውላችን ውስጥ ካሚዮኑ በመጋዘን በር የደረሰበት ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይመዝገብ። ከዚያም የመጀመሪያው 24 ሰዓት ያለ ክፍያ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ለሚቆምበት ለያንዳንዱ ቀን የዕቃው ባለቤት ለመኪናው ከሚከፍለው ለይቶ ለሾፌሩ የሚደርስ የመጠበቂያ ክፍያ ይክፈል።

ሁለተኛ፣ ካሚዮን መንዳት የጀመረ ሾፌር በመጀመሪያው ዓመት በቢያጆ ብቻ እንዳይከፈል፤ የሚያኖር የወር ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ሽልማት ቢያስፈልግም ብዙ ጊዜ ስለ ተመላለሰ ሳይሆን ዕቃውን ሙሉና ደኅና አድርጎ ስላደረሰ ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምልልሶች ነባር ሾፌር አብሮት ይሂድ፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራትም ሌሊት እንዳይነዳ በውል ይከልከል። የነባሩን አበል ባለካሚዮኑና የዕቃው ባለቤት ቢካፈሉት ከአንድ የተገለበጠ ተሳቢ ይረክሳል።

አራተኛ፣ የዕቃ ጉድለት ሲገኝ በወደብ የተረከበበት ሰነድ፣ የኮንቴይነሩ እሽግና የመጋዘኑ ቆጠራ ተገናዝቦ ሳይጣራ በሾፌሩ ላይ አይጻፍ፤ የሚቆረጠውም ሕግ ከፈቀደው እንዳያልፍ።

አምስተኛ፣ ይህ ለባለሱቅም ለባለመጋዘንም የሚሆን ነው፤ ዕቃችንን አምጥቶ በራችን ላይ ለሚያድር ሰው የሚጠጣ ውሃ፣ የሚታጠብበትና የሚጸዳዳበት ቦታ እንስጠው። ይህን ለማድረግ ውልም ስብሰባም አያስፈልግም፤ ለዘበኛችን አንድ ቃል መናገር ይበቃል።

ከእነዚህ ውስጥ የፊተኛውን አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢጀምረው ይከብደዋል፤ ጎረቤቱ ያለ ክፍያ እያቆመ እርሱ ብቻ ሲከፍል የተጎዳ ይመስለዋልና። ስለዚህ ምክር ቤታችን ከባለካሚዮኖች ማኅበራትና ከሾፌሮች ተጠሪዎች ጋራ ተመካክሮ አንድ የማጓጓዣ ውል ናሙና ቢያዘጋጅና ለአባሎቹ ቢያድል፣ ሁሉም በአንድ መስፈሪያ ይለካል። ለወደብና ለጉምሩክ መሥሪያ ቤቶችም፣ «በእናንተ ዘንድ መኪና ብዙ ቀን ይቆማል» ብለን አቤቱታ ስናቀርብ የምንደመጠው አስቀድመን የራሳችንን በር ስናስተካክል ነው።

ከላይ ወዳሰላነው ሒሳብ ብንመለስ ጥቅሙ ራሱ ይናገራል። የመጠበቂያው ጊዜ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ቢወርድ፣ አንዱ ምልልስ ሰባት ቀን ይሆናል፤ ሦስቱ ምልልስ በ21 ቀን ያልቃሉ። የቀሩት ዘጠኝ ቀኖች ለሾፌሩ የሳምንት ዕረፍት፣ ለመኪናውም ጥገና ይሆናሉ። ዕቃችን ሳይዘገይ፣ ባለንብረቱም ምልልስ ሳይጎድልበት፣ ልጁ በቤቱ ያድራል ማለት ነው።

የዱሮዎቹ የሲራራ ነጋዴዎች አጋሰሱን ሳያሳርፉ፣ ጀርባውን ሳያዩ፣ ውሃ ሳያጠጡ ወደ ሚቀጥለው ሰፈር አይነሡም ነበር። ይህንም ያደርጉ የነበረው ከርኅራኄ ብቻ የተነሣ አይደለም፤ አጋሰሱ በመንገድ ቢወድቅ ጨውም ቡናውም አብሮ እንደሚወድቅ ያውቁ ስለ ነበር ነው። እኛ ለሰው ልጅ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግ አይገባንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በየመንገዱ ፈስሶ የምናየው ግን ተመልሶ የሚለቀም አይደለም።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ካሚዮን የምትቀበሉ ካላችሁ፣ ሾፌሩ በሩ ላይ የደረሰበትን ሰዓት በደረሰኙ ጀርባ ጻፉት። ዕቃው ወርዶ ሲያልቅም ያን ሰዓት ተመልከቱና ከደረሰበት ጊዜ ጋራ አስተያዩት። ሒሳብ የምናውቅ ሰዎች ነንና፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ራሳችን እናውቀዋለን።